ከሰል ነው፣ እማማ

እማማ አሰለፈችን ለአካባቢ ቀን ወደ አዳማ ይዣቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡ ግን የሚልካ ነበር። «የውሃ ማጣሪያውን የሚጠቀም ሰው ራሱ መጥቶ ይናገር» አለችኝ። «የእኔንና የአንተን ድምፅ ሰዉ ጠግቦታል።» ልክ ነበረች። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ እየተሰበሰብን ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ችግኝና ስለ ውሃ ማውራት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ተናጋሪዎቹ እኛ ነን፤ አድማጮቹም ያው እኛው ነን። ሚልካ ፋርማሲ አላት፣ እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ሱፊያን ብየዳ ቤት አለው። ለዘንድሮው የአካባቢ ቀን ግን ከመሥሪያ ቤቶችም ከኮሌጆችም እንግዶች ተጠርተዋል፤ ሚልካም ማጣሪያውን ወደ ሌሎች መንደሮች የምናደርስበት ድጋፍ ይገኛል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

ከወንጂ በተነሳው ታክሲ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥን። እማማ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። አንገታቸው አይዞርም፤ ወደ መስኮቱ ማየት ሲፈልጉ ከወገባቸው ጀምሮ መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት።

አጠገባችን የተቀመጠች ሽንኩርት የጫነች ሴት አየት አደረገቻቸውና፣ «እማማ፣ ሰርግ ነው?» አለች።

«ስብሰባ ነው። በማይክ ልናገር ነው።»

«ኧረ! ስለ ምን?»

«ስለ ውሃ።»

«ስለ ውሃ ከሆነማ እኔንም ይዘውኝ ይሂዱ! የእኛ ቧንቧ ከደረቀ አሥራ አምስት ቀኑ።»

ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። እማማም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስለ ልጅ ልጄ ስለ ቦንቱም ልናገር?» አሉኝ።

«ይናገሩ፣ እማማ። እሷን ነው ሰው መስማት ያለበት።»

ይህን ስላቸው ግን፣ ስለ ቦንቱ ይናገራሉ፤ ከዚያ ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ እማማ ፊት መጠየቅ የሌለበት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እማማ የሚኖሩት ከወንጂ ወጣ ብሎ ባለ የሸንኮራ ሠራተኞች ካምፕ ነው። ከመርሐቤቴ ከባለቤታቸው ጋር ሲመጡ የአሥራ ሰባት ዓመት ሙሽራ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አርባ ስድስት ዓመት የጠጡት የፓምፕ ውሃ ነው። በእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ከመሬቱ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ሲፈላ ይብሳል እንጂ አይጠፋም። የልጅ ጥርስ ያበላሻል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጣውን ሰው ደግሞ አጥንቱን ያደርቀዋል። ካምፑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሽማግሌ ሁሉ «ቁርጥማት ነው» ይላል። የእማማ ትልቋ የልጅ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ትንሿ ቦንቱ ግን ገና አራት ዓመቷ ነው። ቋሚ ጥርሶቿ አሁን ድዷ ውስጥ እየተሠሩ ነው። ከአሁን እስከ ስምንት ዓመቷ የምትጠጣው ውሃ ጥርሷን ይወስናል። ይህንን ለእማማ ስነግራቸው አልቅሰው ነበር። «የትልቋን ሳናውቅ አበላሸን፤ የዚህችን እያወቅን አናበላሽም» አሉ።

ማጣሪያው ሁለት ነጭ ባልዲ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። የላይኛው ጥቁር ፍርፋሪ ተሞልቷል፤ ከታችኛው ውሃው በቧንቧ ይወርዳል። ጥቁሩ ፍርፋሪ የከብት አጥንት ነው። አየር በማያስገባ በርሜል ውስጥ ለሰዓታት ተቃጥሎ የከሰለ አጥንት ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል። በርሜሉን የበየደው፣ አጥንቱንም የሚያቃጥለው ሱፊያን ነው።

ባለፈው ኅዳር እኔና ሱፊያን ካምፑ የሄድን ቀን መጀመሪያ የገባነው ሳፊያ ቤት ነበር። ሳፊያ የእማማ የግድግዳ ጎረቤት ናት። ባልዲውን ገና ሳናወርድ፣ «አጥንቱ የማን እርድ ነው?» ብላ ጠየቀች። አጥንት መሆኑን ሱፊያን በስልክ ነግሯት ነበር።

«የእኛ ነው» አላት ሱፊያን። «ከሙስሊም ሥጋ ቤቶች ብቻ ነው የምሰበስበው። በእጄ ለቅሜ፣ በራሴ በርሜል። ሌላ አላስገባበትም።»

«እንግዲያው አስቀምጡት» አለች ሳፊያ።

ቀጥሎ እማማ ቤት ገባን። የእሳቸው ማጣሪያ ትልቁ ነበር፤ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለማርያም ማኅበርተኞቻቸው፣ ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ የታሰበ። እማማ ከላይኛው ባልዲ እፍኝ ፍርፋሪ አንስተው በመዳፋቸው አሻሹት። መዳፋቸው ጠቆረ።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድነው፣ ልጄ?»

«ከሰል ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ሱፊያን ቀና ብሎ አየኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ግማሹን ነው የነገርካቸው» አለኝ።

«ግማሹ ውሸት ነው?»

«እኔ እንጃ። የተማርከው አንተ ነህ።»

አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። ያደግሁት በጴንጤ ቤት ነው፤ እኛ ስንጾም ምንም አንበላም፣ ስንበላ ደግሞ ሁሉን እንበላለን። ግን አዳማ ያደገ ሰው ሥጋ ቤቶቹ ለምን በመስቀልና በጨረቃ እንደሚለዩ ማንም አይነግረውም፤ ትምህርት ቤት የምሳ ዕቃ ከተካፈለበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። እማማ የሙስሊም እርድ እንደማይበሉ አውቃለሁ። በጾም ወቅት የሥጋ ቢላዋ የነካውን ሽንኩርት እንኳን እንደማይበሉ አውቃለሁ። ለራሴ የነገርኩት ሌላ ነበር። ይህን ያህል ሙቀት ያየ አጥንት ሥጋም፣ ስብም፣ ደምም የለበትም፤ ማዕድን ነው። ብነግራቸው ይተዉታል፤ ቢተዉት የልጅቷ ጥርስ ይበላሻል። ስለዚህ ሳልነግራቸው ብቀር ለእነሱ የሚሻል መሰለኝ። የሳፊያን ዓይነት ጥያቄ ለመመለስ ሲባል አጥንቱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ብቻ መሰብሰቡ የእማማን ጉዳይ እጥፍ እንዳከበደው እንኳን የገባኝ ቆይቶ ነው። እሱም ሲገባኝ ዝም አልኩ። አንድ ወር ዝም ያልኩትን ሁለተኛ ወር መናገር የበለጠ ከበደኝ፤ ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ከዚያ ፋሲካ ሆነ።

አዳራሹ ስንደርስ ሞልቷል። በሩ ላይ ችግኝ በነፃ ይታደላል። በአንደኛው ጠረጴዛ ከሸንኮራ ገለባ የተሠራ ማገዶ፣ በሌላው በፀሐይ የሚያበስል ድስት፣ በሌላው ደግሞ አንድ ወጣት በአሮጌ ሳፋ ውስጥ ትል እያሳየ ስለ ብስባሽ ማዳበሪያ ያስረዳል። ሴቶቹ ትሉን ሲያዩ ይጮሃሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ያያሉ። ከፊት የተሰቀለው ባነር ላይ «ጤናማ አካባቢ፣ ጤናማ ትውልድ» ይላል።

እማማን ከፊት ወንበር አስቀምጬ ወደ ሱፊያን ጠረጴዛ ሄድኩ። ሦስት ጠርሙስ ደርድሯል፤ በመጀመሪያው ጥሬ አጥንት፣ በሁለተኛው ጥቁሩ፣ በሦስተኛው ከልክ በላይ ተቃጥሎ የነጣው።

«አካም፣ መምህር» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ሱፊ፣ የመጀመሪያውን አንሳልኝ። ለሁለት ሰዓት ብቻ።»

እጁን አጣጥፎ አየኝ። «እስካሁን አልነገርካቸውም?»

«ዛሬ አይደለም። በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ይሄን ኅዳር ላይም ብለኸኛል። ወላሂ፣ እኔን እኮ ነው ሌባ የምታስመስለኝ። አጥንት ሰብስቤ አቃጠልኩ፤ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ለእኔ ስትል አንሳው።»

ጠርሙሱን አንስቶ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው፤ ሲያስቀምጠው ግን ወለሉ ላይ አጋጨው። ለሚልካም መንገር ነበረብኝ። ልነግራት ሄድኩ፤ እሷ ግን እንግዶች እየተቀበለች፣ ማይክ እየሞከረች፣ የጄኔሬተር ሰው እየፈለገች ነበር። «በኋላ፣ ጋሮ፣ በኋላ!» ብላኝ አለፈች። እኔም ይህንን «በኋላ» እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

የእማማ ተራ ደረሰ። ማይኩን እንደ ሸንኮራ አገዳ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ስሜ አሰለፈች ነው። ያረጀሁት ከሸንኮራ ጋር ነው፤ ጣፋጩን ሌላ ሰው ወሰደው እንጂ!» ሰው ሳቀ። «የእኛ መንደር ሰው ፎቶ ሲነሳ አይስቅም። ኩሩ ሆኖ አይደለም፤ በጥርሱ አፍሮ ነው። እነዚህ ልጆች መጥተው ውሃው ነው አሉን። አላመንኩም። ውሃ እንዴት ሰው ያጎብጣል? ይሄ ልጅ ግን አራት ቅዳሜ ተመላልሶ አስረዳኝ፤ አመንኩት። ከዚያ ወዲህ የፓምፑን ውሃ ለልብስ እንጂ ለአፌ አላደረስኩም። ሁዳዴን ሙሉ የጠጣሁት ከማጣሪያው ነው። የማርያምን ጠላ የጠነሰስኩት በሱ ነው። ቄስ ማስረሻ ቀምሰው “አሰለፈች፣ የዘንድሮ ጠላሽ ጠራ” አሉኝ። የልጅ ልጄ ቦንቱ አራት ዓመቷ ነው። እግዚአብሔር ካለ እሷ ፎቶ ስትነሳ ትስቃለች።»

ጭብጨባው ረጅም ነበር። አንዲት እንግዳ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አጨበጨብኩ።

ሚልካ ማይኩን ተቀብላ ጥያቄ ጋበዘች። ከኋላ ቀደም ሲል የሱፊያንን ጠርሙሶች ያየ አንድ የእንስሳት ሐኪም ተነሳ። ትሑት ሰው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። «በጣም የሚያስመሰግን ሥራ ነው» አለ። «አጥንቱን ከየት ነው የምታገኙት? የጤና ቁጥጥር ካለፈ ቄራ ነው ወይስ ከሥጋ ቤት?»

ሱፊያን ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሚልካ አየሁ። ሚልካ ግን ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው የነበረ ይመስል ፊቷ በራ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው! ከከተማችን ሙስሊም ሥጋ ቤቶች ነው። በፊት ሜዳ ላይ ይጣል የነበረ፣ ውሻ የሚጎትተው አጥንት ነው ዛሬ የእማማን ውሃ የሚያጣራው። ቆሻሻ የለም፤ ያልተጠቀምንበት ሀብት ነው ያለው!»

እንደገና ጭብጨባ። በጭብጨባው መሃል እማማ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ከወገባቸው ጀምሮ ቀስ ብለው ዞሩ። ለመዞር ጊዜ ፈጀባቸው። ዓይናቸው እኔን እስኪያገኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።

ውጭ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ሚልካ ለስላሳ ይዛ መጣች፤ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም። እማማ ለስላሳውን ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ሁዳዴን በሙሉ?» አሉኝ።

«እማማ፣ አጥንቱ ሲቃጠል ምንም ነገር አይቀርበትም። ሥጋ የለውም። አመድ እንደማለት ነው፤ በሳይንስ ካየነው...»

«ትምህርትህን አልጠየቅኩህም። ያኔ ምንድነው ስልህ ከሰል ነው አልከኝ። አውቀህ ነው ሳታውቅ?»

«አውቄ ነው።»

ሚልካ «ጋሮምሳ!» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንዴትም ድንጋጤም ነበረበት።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ብትነግረኝ የንስሐ አባቴን እጠይቅ ነበር። ይጠጣ ካሉኝ እጠጣ ነበር፤ አይጠጣ ካሉኝ ደግሞ ለልጆቹ ምን ይሻላል ብዬ ከአንተ ጋር እመክር ነበር። ለሳፊያ ነግራችኋታል?»

«ጠይቃ ነው።»

«እኔስ አልጠየቅሁም?»

ሚልካ ከጎናቸው ቁጭ ብላ፣ «እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። አብረን ቄሱን እናነጋግራለን፤ እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ በጥሩ ሁኔታ እናስረዳለን» አለች።

«አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ ልጄ። አንቺ እንዲያውም ነገርሽኝ።» ከዚያ ለእኔ፦ «ነገ ጰራቅሊጦስ ነው። ሰኞ የሰኔ ጾም ይገባል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹን ቤቴ እሰበስባለሁ። አንተ መጥተህ ትነግራቸዋለህ። ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ግን እኔ አልናገርልህም።»

ታክሲ ድረስ ልሸኛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ሱፊያን ግን ሲቀርባቸው አልከለከሉትም፤ ክንዱን ያዙ። እስኪያሳፍራቸው ድረስ ከሩቅ አየኋቸው፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ተመልሶ መጥቶ፣ «ነገ አብሬህ ልምጣ?» አለኝ።

«አይሆንም። አንተን ሲያዩ ነገሩ የሃይማኖት ይመስላቸዋል።»

«የሃይማኖት አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ስደርስ የእማማ ግቢ ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር አግዳሚዎች ተደርድረው ሴቶቹ ተቀምጠው ነበር። ቄስ ማስረሻ መሃል ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ናቸው። ማጣሪያው ከቤቱ በር አጠገብ ባለበት ቆሟል፤ አጠገቡ ከፓምፕ የተቀዳ ቢጫ ጀሪካን አለ። ጀሪካኑ እርጥብ ነበር።

ቆሜ ነገርኳቸው። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከፍሎራይድ የሚጀምር፣ ከዚያ ወደ ማጣሪያው የሚሄድ። ፊታቸውን ሳይ ከመጨረሻው ጀመርኩ። «ጥቁሩ አጥንት ነው። አጥንቱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። እማማ ጠይቀውኝ ከሰል ነው አልኳቸው። እሳቸው አያውቁም ነበር።»

ማንም አልጮኸም። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ከጫፍ የተቀመጠችው የሺዓለም፣ እማማ «ምላሷ ስለት ነው» የሚሏት ጎረቤት፣ ቀና አለች።

«መምህር ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ተማሪህ ፈተና ላይ ግማሹን መልስ ቢጽፍልህ ሙሉ ትሰጠዋለህ?»

«አልሰጠውም።»

«ታዲያ የእኛን እንዴት አረምከው?»

ሁለት ሴቶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ። ቄስ ማስረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳታውቁ የሆነ ነገር ነው፤ አትረበሹ» አሉ። «ስላለፈው ንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሚከብድ አይሆንም። ስለ ወደፊቱ ግን እኔ ከኪሴ አውጥቼ ፍርድ አልሰጥም። እሳት ያየ አጥንት ምን ይባላል፣ ከእኔ በላይ የሚያውቁትን እጠይቃለሁ። መልስ እስኪመጣ ይቆይ።»

«እስከ መቼ ነው፣ አባ?» አልኳቸው።

«ጾሙ ሳይፈታ የሚመጣ አይመስለኝም። ወር ከምናምን በለው።»

«ለትልልቆቹ ይሁን። ልጆቹ ግን ይጠጡ። ለእነሱ እያንዳንዱ ወር...»

«ልጆቹ አይቆርቡም እንዴ?» አለች የሺዓለም። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ሽሙጡ ጠፋ፤ የእውነት ጠየቀችኝ። «ቆይ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ውሃው ጥርስ ያበላሻል፣ አጥንት ያደርቃል ያልከንስ? እሱስ ስንት እጁ ነው እውነት?»

«ሙሉ በሙሉ እውነት ነው።» የላቦራቶሪውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄንን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ናሙናውን የወሰድኩት እኔ...»

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

አጥንቱን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ሰብስበን አዲስ እንሠራለን አልኩ። በጾም ክርስቲያን ሥጋ ቤት ይከፈታል ወይ አሉኝ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ይዘጋሉ። እስከዚያው ከአዳማ የተጣራ የቧንቧ ውሃ በየሁለት ቀኑ በባጃጅ ላምጣላችሁ፤ ለልጆቹ ብቻ እንኳን ይበቃል አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልሱን የሰጡኝ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገሩት እማማ ናቸው።

«አንተ ያመጣኸውን ውሃ ማን ይጠጣል?»

በዚህ መሃል ሳፊያ ከግንቡ ወዲያ ሆና ትሰማ ኖሮ በሩ ላይ ቆመች። «አሰለፉ» አለች፣ «የምታውቂ መስሎኝ ነው። በአላህ፣ ለሁላችንም የተነገረ መስሎኝ ነው።»

«አንቺንማ ምን እልሻለሁ» አሉ እማማ። ግን ግቢ ግቢ አላሏትም፤ ሳፊያም ትንሽ ቆማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ሌላው ሁሉ ባይሆን፣ ይህንን ብቻ ማየት ለቅጣት ይበቃኝ ነበር።

ሴቶቹ መነሳት ሲጀምሩ ቦንቱ ከጨዋታ እየሮጠች ገባች። ፊቷ አቧራ ሆኗል። ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ማጣሪያው ሄደች፣ ከምስማር ላይ ሰማያዊውን ኩባያ አወረደችና የቧንቧውን አፍ ለመክፈት ታገለች። ቧንቧው ይጠብቅባታል፤ ሁልጊዜ የሚከፍትላት ሰው ነው።

«እማዬ፣ ውሃ!»

እማማ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ሄደው ኩባያውን ከእጇ ተቀበሉ። ወደ ቄሱ ዞሩ፤ ቄሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ውሃው ያላመኑኝ አይመስሉም፤ እንዲያውም ያመኑኝ መሰለኝ፤ ስለ ጥርሱ የነገርኳቸውን ሁሉ በዚያች ደቂቃ እያሰቡ እንደነበር ከፊታቸው አየሁ።

«እማማ፣ ለእሷ እንኳን...» አልኩ።

«በቃህ፣ ልጄ።» ቁጣ የለበትም፤ ድካም ብቻ ነበር። «ከዚህኛው እንዳልሰጣት ነገ ጾም ነው፣ ቄሱም ይቆይ ብለዋል። አንተ ከምታመጣው ልስጣት እንዳልል፣ ነገ ደግሞ ምን እንዳልነገርከኝ በምን አውቃለሁ?»

ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አዘነበሉት። ጎንበስ ማለት ያማቸዋል፤ የሺዓለም ልትረዳቸው ብድግ አለች፣ በእጃቸው መለሷት። ውሃው ኩባያውን ሞልቶ በጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ለልጅቷ ሰጧት።

ቦንቱ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጨርሳ ተነፈሰችና ኩባያውን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ድገሚኝ» አለች።

እማማ ደገሟት።